ፍሪዘሩን ማን ይጠብቅልሻል?

(ድሬዳዋ ላይ ለሴት ተመራማሪዎች፣ ለላብራቶሪ ባለሙያዎችና ለአለቆቻቸው ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ሰዓቱ ወደ ማታ የተገፋው በእኔ ልመና ነው። በድሬ ሙቀት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስለ ሥራ ጫና ማውራት ራሱን የቻለ ጫና ነው። ከሐረርና ከሐረማያ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ የመጣችሁትማ ሹራባችሁን ጉልበታችሁ ላይ አጣጥፋችሁ አያለሁ። አቦ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስትረስ ምን እንደሆነ በማስረዳት ጊዜ አልፈጅም። እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ቀጥታ ሦስት ጥያቄ ልጠይቃችሁ። እኔ ያወጣኋቸው አይደሉም። የኦስሎ የማኅበራዊ ድጋፍ መለኪያ ይባላል፤ በአገራችንም ብዙ የጤና ጥናቶች ተጠቅመውበታል። አንደኛ፦ ከባድ የግል ችግር ቢገጥምሽ የምትተማመኚባቸው የቅርብ ሰዎች ስንት ናቸው? ሁለተኛ፦ ሰዎች ለምትሠሪው ነገር ምን ያህል ትኩረት ይሰጣሉ? ሦስተኛ፦ ሲቸግርሽ ከጎረቤት እርዳታ ማግኘት ምን ያህል ይቀልሻል? ነጥቡ ከ3 እስከ 14 ነው። 8 እና ከዚያ በታች ከሆነ ድጋፍሽ ደካማ ነው፤ 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጠንካራ ነው።

እስቲ እጅ አውጡ። አንደኛው ላይ ብዙ እጅ አየሁ። ሦስተኛውማ ለድሬ ሰው እዳው ገብስ ነው። ልጅሽን ጎረቤት ትተሽ ቀፊራ ገበያ ደርሰሽ ብትመለሺ ማንም ቅር አይለውም፤ ልጁም ምሳውን በልቶ፣ ፊቱን ታጥቦ ይጠብቅሻል። ሁለተኛው ላይ ግን እጆቻችሁ ከበዱ። ለምትሠሪው ነገር ማን ትኩረት ይሰጣል? እናትሽ «ደም ትመረምራለች» ይላሉ። ባልሽ «ዩኒቨርሲቲ ነው የምትሠራው» ብሎ ያልፈዋል። ሙከራው ለምን እንደከሸፈብሽ፣ ያዘዝሽው ሪኤጀንት፣ የምርመራው ኬሚካል፣ የት እንደቀረ፣ ገምጋሚው ፔፐርሽ ላይ ምን ብሎ እንደጻፈ የሚጠይቅሽ ማን ነው?

የዛሬው ነገሬ ይሄ ነው። እኛ ሰው አላጣንም። ያጣነው እስከ ሥራችን ድረስ የሚመጣልንን ሰው ነው።

የእኔ ብሶት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሼልደን ኮኸንና ቶማስ ዊልስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ድጋፍና ጭንቀት እስከዚያ ጊዜ የተጻፈውን ሰብስበው ፈትሸው ነበር። ብዙ ሰው ማወቅ፣ ማኅበር ውስጥ መግባት በጥቅሉ ለጤና ይበጃል፤ ጭንቀት ኖረም አልኖረም። ጭንቀቱ ከመጣ በኋላ ጉዳቱን የሚያለዝበው ግን የሰው ብዛት አይደለም። ለዚያ ለመጣው ችግር የሚሆን እርዳታ አለኝ ብሎ ማመን ነው። ስልክሽ ላይ አምስት መቶ ሰው ሊኖር ይችላል። ሌሊት ላብራቶሪ ችግር ሲፈጠር የምትደውይለት አንድ ሰው ከሌለ አምስት መቶው ለዚያ ሌሊት አይሆኑሽም።

የማውቃት ተመራማሪ አለች። የት እንደምትሠራ ይቅር። ላብራቶሪዋ ውስጥ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር አለ። የእሷም የተማሪዎቿም ናሙና እዚያ ነው። ግንቦት ላይ፣ ድሬ ሌሊቱም በማይበርድበት ወር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጥበቃው ይደውላል። «ዶክተር፣ መብራት ሄዷል፤ ጀነሬተሩም አልነሳ አለ።» እሷ ከአልጋዋ ሳትነሳ መጀመሪያ ያለችው «በሩን እንዳትከፍተው» ነው። በሩ ካልተከፈተ ቅዝቃዜው ለሰዓታት ይቆያልና። ጥበቃው ለካ ደህና መሆኑን ለማየት ብሎ ሁለቴ ከፍቶ ዘግቶታል።

ናፍጣው መጋዘን ውስጥ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ንብረት ክፍል ኃላፊው ጋ ነው። የኃላፊው ስልክ ዝግ ነው። ባጃጅ በዚያ ሰዓት አይገኝም፤ ቢገኝስ ብቻዋን ትሳፈራለች? ባሏ ነቅቶ «በዚህ ሌሊት ወዴት ነው?» ይላል። ግቢው ውስጥ የሚኖር ወንድ ባልደረባ አላት። ግን ፍሪዘሩ የተመዘገበው በእሷ ስም ስለሆነ ማንም አልደወለለትም። ባሏ አድርሷት፣ ጀነሬተሩ ሲነሳ ወገግ ብሎ ነበር። በሦስት ሰዓት ክፍል ገብታ አስተማረች። ቢሮ ስትደርስ ሁሉም «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አላት። ከልባቸው ነው። ግን አንድም ሰው «በሚቀጥለው ለእኔ ይደወልልኝ» አላለም።

ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 የጻፈው እዚህ ጋ ይገባል። ሰውን የሚጎዳው የሥራ መብዛት ብቻ አይደለም፤ ሥራው በዝቶ የመወሰን አቅም ሲያንስ ነው። እሷ ለናሙናው ተጠያቂ ናት፤ አንድ ጀሪካን ናፍጣ የማዘዝ ሥልጣን ግን የላትም። እ.ኤ.አ. በ1988 ጄፍሪ ጆንሰንና ኤለን ሆል ስዊድን ውስጥ ሠራተኞችን አጥንተው ሦስተኛ ነገር ጨመሩበት። ጫና በዝቶ፣ ሥልጣን አንሶ፣ በዚያ ላይ የሥራ ባልደረባ ድጋፍ ሲጠፋ የልብና የደም ሥር ሕመም ከፍ ብሎ አገኙት። ሦስቱም በዚያች አንዲት ሌሊት ውስጥ አሉ።

የድጋፍን ዓይነት ለመለየት ጄምስ ሃውስ እ.ኤ.አ. በ1981 ያስቀመጠው አራት ክፍል ይረዳናል፤ ስሜትን መጋራት፣ በእጅ ማገዝ፣ መረጃ መስጠት፣ ሥራን አይቶ በሐቅ መገምገም። የመጀመሪያው እኛ ጋ ተርፎ ይፈሳል። እንባሽን የሚያብስ አይጠፋም። ሌሎቹ ላይ ነው ጉዱ።

ሐረር ጁገል ውስጥ፣ በግንቡ ውስጥ ባለችው ከተማ፣ አፎቻ የሚባል የመረዳጃ ማኅበር አለ። የሴቶቹ ለብቻ፣ የወንዶቹ ለብቻ። ሠርግም ይሁን ለቅሶ አባላቱ ነቅለው ይመጣሉ። እዚህም ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ ዕቁቡ አለን። በዚህ በኩል የማንም አገር ሰው ቢቀናብን አልፈርድበትም። ግን እነዚህ ሁሉ የተቋቋሙት ለሞትና ለሠርግ፣ ለገንዘብና ለጸበል ጸዲቅ ነው። ፔፐርሽ ሪጀክት ሆነ ብሎ ድንኳን የሚተክል ዕድር የለም።

ደግሞ ድጋፍ ብድር ነው። ይመለሳል። ወንዱ ለቅሶ ቤት መዋጮውን ከፍሎ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል። ሴቷ ከጓዳ ናት፤ ሽንኩርት መላጥ፣ እንጀራ ማቅረብ፣ ዕቃ ማጠብ። ከቀረች ቅጣት አለ፤ ከቅጣቱ የሚብሰው ደግሞ ሐሜቱ ነው። «ተምራ ተኮፈሰች» ይባላል። ስለዚህ ተመራማሪዋ ከሳምንቷ ላይ ቆርሳ ለዚህ ትከፍላለች፤ ደስ ብሏትም ትከፍላለች። ግን በመጠይቅ ሲታይ ይሄ ሁሉ «ጠንካራ ማኅበራዊ ድጋፍ» ተብሎ ይቆጠራል። ከዚያ ውስጥ የትኛው እንዳገዛት፣ የትኛው እንዳደከማት ቁጥሩ አይናገርም። የመለኪያውን ጥቅም አልካድኩም። እኛ አካባቢ ስንጠቀምበት ግን ዓይናችንን ከፍተን ይሁን ነው የምለው።

አሁን ወደ መረጃ ልምጣ። ወንዶች እንዳትቆጡኝ። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የምርምር ወሬ ከሰዓት በኋላ የት እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን። በርጫ ላይ፣ ጫት በሚቃምበት ቦታ ነው። የትኛው ግራንት፣ የምርምር ገንዘብ፣ እንደተከፈተ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጽፍ፣ ግዢ ክፍሉን ማን እንደሚያግባባ እዚያ ይወራል። በማግስቱ ስብሰባ ላይ የሚቀርበው አልቆ የመጣ ነገር ነው። ሴቶች አይቅሙም አላልኩም፤ አንዋሽ። ግን ከወንድ ባልደረቦቿ ጋር ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ማታ ተቀምጣ የዋለች መምህርት ስሟ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። የጫቱን የጤና ጉዳይ ሌላ ቀን ትጠሩኝና እናወራለን። በርጫው ላይ ቦታ ስጡን ማለቴም አይደለም። እዚያ የሰማችሁትን ማስታወቂያ ማታውኑ የትምህርት ክፍሉ ቴሌግራም ላይ ልቀቁት። ይሄ ምንም ወጪ የለውም።

ግምገማውን ባጭሩ ልለፈው። ሴት ስትሆኚ ወይ ዝም ይሉሻል ወይ «ጎበዝ» ይሉሻል። ከሁለቱም ጠብ የሚል ነገር የለም። የመረጃ ትንተናሽ የቱ ጋ እንደተሳሳተ በአክብሮት የሚነግርሽ ሰው ከመቶ «ጎበዝ» ይበልጣል።

ሌላ ጉዳይ አለ። በዓለም ላይ ከተመራማሪዎች ሴቶቹ ሲሶ ያህል እንደሆኑ ዩኔስኮ ይናገራል። በአገራችን ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ቁጥራችን ሲያንስ ምን እንደሚሆን ታያላችሁ። እያንዳንዱ ኮሚቴ «ሴት ትኑርበት» ይባላል። ሴቶቹ ሦስት ናቸው፤ ኮሚቴው አሥራ አምስት። ቃለ ጉባኤ ያዢ፣ እንግዳ ተቀበዪ፣ የሥርዓተ ጾታ ተወካይ ሁኚ። ከዚያ ደግሞ ሴት ተማሪዎች አሉ። ከቤተሰብ የተጣላችው፣ መምህር ያስቸገራት፣ ያረገዘችው፣ የወር አበባዋ መጥቶ ሞዴስ መግዣ ያጣችው፤ ሁሉም የአንዷን መምህርት በር ያንኳኳሉ። ወንድሜ፣ ባንተ ቢሮ በር ላይ በሳምንት ስንት ተማሪ ያለቅሳል? ይሄ ሥራ ነው። ለደረጃ ዕድገት ግን አይቆጠርም። ድጋፍ ሰጪዋ እሷ ናት፤ እሷን የሚደግፍ ማን ነው የሚለውን ማንም አልጠየቀም።

መስክ የምትወጣዋንም እናስብ። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬ ላይ ወባ ሲነሳ ነገሩ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከተባለችው አዲስ መጤ ትንኝ ጋር እንደሚያያዝ የታወቀው በጥናት ነው። ይህቺ ትንኝ በከተማ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። እንግዲህ እሷን የሚያጠና ሰው በየግቢው በርሜልና ሮቶ ሲያይ ይውላል። የትንኝ መያዣው የብርሃን ወጥመድ አመሻሽ ላይ ይሰቀላል፣ ንጋት ላይ ይሰበሰባል። ትንኟ የሥራ ሰዓት አታውቅም። ሴት ባለሙያ ሰው ቤት ገብታ ለመሥራት ትመቻለች፤ የቤቱ እመቤት ታምናታለች። ስለዚህ ትመረጣለች። በዚያው ሰዓት ግን የራሷ ልጅ ቁርስና ደብተር የሚያዘጋጅለት ይፈልጋል። የሞግዚት ክፍያ በጀት ውስጥ የታሰበበት ፕሮፖዛል አይቼ አላውቅም። የመኪና ነዳጅ ግን ሁሌም አለ።

ይሄ ሁሉ ሰውነት ላይ ምን ያደርጋል? እኛ አገር መጀመሪያ የሚመጣው «ጨጓራዬ» ነው። ቀጥሎ ራስ ምታት፣ ማጅራት፣ «ልቤ ይመታል»። ባክቴሪያ የምታጠና ሴት አውቃለሁ፤ ለጨጓራዋ መድኃኒት ደጋግማ ወስዳለች፣ ምርመራውንም ደጋግማ አድርጋለች፣ ውጤቱ ንጹሕ ነው። እንቅልፏን ግን ማንም አልጠየቃትም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ሃያ ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። ኤስአርኪው 20 ይባላል። ስላለፉት 30 ቀናት አዎ ወይም አይደለም እያልሽ ትመልሺበታለሽ። ግማሽ ያህሉ ስለ አካል ነው፤ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት፣ እንቅልፍ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የሆድ መረበሽ። ለእኛ ሰው የሚስማማው ለዚህ ነው። ሰው ከፍቶኛል ከማለት በፊት አሞኛል ይላል። መጠይቁ በሽታ አይፈርድም። ወደ ባለሙያ መሄድ እንዳለብሽ ግን ያመለክትሻል።

በሥራ መዛልንና ድባቴን መለየትም ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ ዝለትን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መዝግቦታል እንጂ በሽታ አላለውም። ሦስት መልክ አለው፤ አቅም ተሟጦ ማለቅ፣ ከሥራው መራቅና መሰልቸት፣ የምሠራው ዋጋ የለውም ማለት። ይሄ ሥራው ሲስተካከል ይሻሻላል። ድባቴ ግን ሥራ ብትለቂም አብሮሽ ቤት ይገባል። የምትወጂው ነገር ደስታ ከነሳሽ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ባለሙያ ጋ ሂጂ። ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ባልኖርስ የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ነገ አትበይ። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ተናገሪ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ። «ፋይሌ ላይ ይጻፍብኛል» የሚለውን ፍርሃት አውቀዋለሁ። ሆድ ይፍጀው ብለን ያቆየነው ነገር ሆዳችንን ነው የፈጀው።

ብቻችሁን እንዳልሆናችሁ ደግሞ አንድ ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ነው። ከ26 አገሮች 2,279 ሰዎች መልስ ሰጡ፤ አብዛኞቹ የፒኤችዲ ተማሪዎች ናቸው። 41 በመቶው መካከለኛና ከባድ የጭንቀት ምልክት፣ 39 በመቶው የድባቴ ምልክት ነበራቸው። ሴቶቹ ላይ ከፍ ይላል። መጠይቁን የሞላው የፈቀደ ሰው ስለሆነ ቁጥሩን ለተመራማሪ ሁሉ አልዘረጋውም። ልቤን የነካው ሌላው ነው፤ ከተጨነቁት ብዙዎቹ አማካሪያቸው እውነተኛ ድጋፍ እንደማይሰጣቸው ተናግረዋል። አማካሪ እንግዲህ ያው አለቃ ነው።

ስለዚህ ከፊት የተቀመጣችሁ ዲኖችና ኃላፊዎች፣ አሁን ወደ እናንተ ነኝ። የዮጋ ሥልጠና አልጠይቃችሁም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና መመሪያ ላይ የሥራውን አደረጃጀት ማስተካከልንና አለቆችን ማሠልጠንን መክሯል። የላብራቶሪ ተረኛ ዝርዝር ይውጣ፤ በስም፣ በስልክ፣ ወንዱም ሴቷም። የናፍጣውን ቁልፍ ተረኛው ይያዘው። ስብሰባ ከአሥር ሰዓት በኋላ አይጠራ። ኮሚቴና ተማሪ ማማከር ለደረጃ ዕድገት ይቆጠር፤ ካልተቆጠረ ለሁሉም እኩል ይከፋፈል። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፤ ይሄን ሕጉ ሰጥቷል። 121ኛው ቀን ላይ ልጁ የት ይሂድ? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የሕፃናት ማቆያ ነገር ጽፎ ነበር። ስንት ግቢ ውስጥ እንደተሠራ ዞር ብላችሁ እዩ። ጡቷ እየፈሰሰ ሽንት ቤት ገብታ የምታልብ የፒኤችዲ ባለቤት አለች። እያፈርኩ ነው የምናገረው፤ ግን ይነገር።

እህቶቼ፣ ለእናንተ ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። እርዳታ ስትጠይቁ «ደክሞኛል» አትበሉ። «ደክሞኛል» ላልሽው ሰው መልሱ «አይዞሽ» ነው፤ ሌላ ምን ይበልሽ? «ማክሰኞ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት የፒሲአሩን ሥራ ተከታተልልኝ» በዪው። እሺ ወይም እምቢ ይላል። እምቢ ካለም ታውቂዋለሽ። እዚህ ከተማ ውስጥ እንዲህ የሚያደርጉ ጥቂት ሴቶች አሉ። ከተለያየ መሥሪያ ቤት ናቸው። ቴሌግራም ላይ ቡድን አላቸው። ሕጉ አንድ ነው፤ ብሶት ብቻ መጻፍ ክልክል ነው፣ ከብሶቱ ሥር የምትፈልጊው ነገር ይጻፋል። አንዷ ሪኤጀንት ስታጣ ሌላዋ ታበድራለች። አንዷ ለለቅሶ ስትሄድ ሌላዋ ናሙናዋን ታነሳላታለች። ፔፐርም ይተራረማሉ፤ ደግሞ ሲተራረሙ ምሕረት የላቸውም። እኔ ብሆን አለቅስ ነበር።

ከንግግሩ በኋላ ከአዳራሹ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን ልጻፋቸው። አንድ ኃላፊ «ወንዶቹስ አይጨነቁም?» አሉኝ። ይጨነቃሉ እንጂ። ወንድም ተመራማሪ መብራት ይጠፋበታል፣ ግዢ ይጓተትበታል። የዘረዘርኳቸው አብዛኞቹ ለእሱም ይጠቅማሉ። ልዩነቱ ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ነገር ነው፤ ያንን ደግሞ እሳቸው ቤታቸው ገብተው ቢያዩት ይሻላል አልኳቸው። ሳቁ፤ አዳራሹም ሳቀ።

ሁለተኛዋ ከኋላ የተነሳች ወጣት የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። «አለቃዬ ራሷ ሴት ናት። የምታስጨንቀኝ እሷ ናት። ‹እኔም እንዲሁ ነው ያለፍኩት› ትለኛለች።» አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔም ቶሎ አልመለስኩም። እንዲህ ዓይነት አለቃ አለች፤ የለችም ብንል ራሳችንን ነው የምናታልለው። ያለ ማንም እገዛ ተፍጨርጭራ የወጣች ሰው እገዛን እንደ ስንፍና ልታየው ትችላለች። ይሄ ግን የአንቺን ሸክም አያቀልልሽም። የሰጠኋት መልስ ይሄ ነበር። ጥያቄሽን አንድ አድርጊው፣ በጽሑፍ አድርጊው፣ ቀን አስቀምጪለት። ሁለት ሳምንት ጠብቂ። መልስ ካልመጣ ከትምህርት ክፍልሽ ውጭ አንዲት የምታማክርሽ ሰው ፈልጊ፤ ሐረማያም ሐረርም ሩቅ አይደሉም። ከዚህ አዳራሽ ሳትወጪም ልታገኚያት ትችያለሽ። ይህን ስል ከፊት ረድፍ ሁለት ሴቶች ዞረው አዩአትና አንደኛዋ ስልኳን አወጣች።